በማርያም ዕለት የደጋው መንገድ

ሰማይ ላይ መንገድ እንዳለ የነገረኝ ባለቤቴ ነው። ያኔ ገና ባለቤቴ አልነበረም፤ አዘዞ አየር ማረፊያ ከሻይ ባንኮኒዬ ጥግ ቆሞ ሻዩን ያለ ስኳር የሚጠጣ አንድ ዝምተኛ ደንበኛዬ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ቦምቦሊኖ ከምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ አንዱን ፊደል ከመንገደኛው፣ ሌላውን ከጥበቃው እየጠየቅሁ። ይህን የምጽፈውም በዚያው ፊደል ነው። ያላወቅሁትን መጠየቅ አላፍርምና አንድ ቀን እሱንም ያዝ አደረግሁት።

«ለመሆኑ እናንተ እላይ ማማው፣ ታወሩ ላይ ተቀምጣችሁ ምኑን ነው የምትቆጣጠሩት? ሰማይ እንደሁ ሜዳ ነው። ወፉ ሁሉ በፈለገው ይሄድ የለ?»

«ወፍ ከወፍ ቢጋጭ ላባ ነው የሚረግፈው» አለኝ። ከዚያን ቀን በፊት ከአፉ «ሻይ» ከምትል ቃል በቀር ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ወሬውን ጀመረና፣ ምን ልበላችሁ፣ ዝምተኛ ያልኩት ሰውዬ ሻዩ ቀዝቅዞ እስኪያዝን ድረስ አላቆመም።

ትሪዬን ሳብ አድርጎ ሁለት ብርጭቆ አቆመበት። «ይቺ ጎንደር፣ ያቺ አክሱም። መሃል ላይ ይሄ ሁሉ ተራራ። አውሮፕላኑ ከዚህ ተነስቶ ገና ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል፤ አጭር ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ‹ወደዚህ ታጠፍ፣ ይህን ያህል ውጣ› እያልኩ አብራሪውን ስጨቀጭቀው ተራራው አይጠብቀንም። ስለዚህ መንገዱ አስቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። ሁለት አለን። አንደኛው በዳባት በደባርቅ አድርጎ በድብ ባሕር አናት ላይ ያልፋል፤ እሱ ደጋው ነው። ሁለተኛው ተራራውን በስተቀኝ ትቶ በበረሃው ይዞራል፤ እሱ ቆላው። እኔ በራዲዮ ‹ደጋ› ካልኩት ከፍታውም መታጠፊያውም ሁሉም በዚያች ቃል ውስጥ አለ። እሱ ቃሏን ይደግምልኛል፤ አለቀ። የሚሄደው በአንዱ ከሄደ የሚመጣው በሌላው ይመጣል፤ ፊት ለፊት አይገናኙም።»

«ማን ነው ታዲያ የሚመርጠው?»

«ደመናው። ደጋው ላይ ደመና ከተኛ ቆላ። ወታደሩ አንዱን ከዘጋው ሌላው።»

«ሁለቱም ክፍት ከሆኑስ?»

«ያኔ እኔ እመርጣለሁ።»

«በምን?»

ትከሻውን ነቅነቅ አደረገ። «ደስ እንዳለኝ።»

በደርግ ዘመን ከመንግሥት ሠራተኛ አፍ «ደስ እንዳለኝ» የሚል ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የወደድኩት ሳይሆን አይቀርም በዚያች ቃል ነው።

ተጋባን። እናቴ ለሠርጋችን የመጣችው ከድብ ባሕር፣ ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብላ ካለችው መንደራችን ነው። ሁለት እህቶቼን ቀብራለች፤ ሁለቱንም በወሊድ። የቀረኋት እኔ ነበርኩ። ስትሰናበተኝ ሁለት ጉንጬን ይዛ፣ «እኔ ከእንግዲህ ሌላ አልለምንም። መኖርሽን ብቻ አሰሚኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን ይቸግራል? ወደ ደባርቅ የሚሄድ አውቶቡስ ሞልቷል ብዬ።

ጦርነቱ ቀርቦ በመንገዱ ላይ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ግን ከወለቃ በላይ ያለ የይለፍ ወረቀት ማለፍ ቀረ። የወለቃ ሴቶች እንኳ ሸክላቸውን የሚገዛቸው መንገደኛ አጥተው ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። የኛን ወረቀት የሚፈርመው የአየር ማረፊያው ካድሬ ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ኮቱ ከትከሻው የሚሰፋ ልጅ። አርግዤ ሁለተኛ ወሬን ሳልጨርስ ሄጄ ለመንኩት።

«ጓድ፣ እናቴን ልጠይቅ። ከድብ ባሕር ወዲያ ነው አገሬ።»

ቀና አላለም። «እናትሽ ትምጣ።»

«እሷንም አያሳልፏት።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም አርፋችሁ ተቀመጡ» አለና ከአጠገቡ ካለው ሰውዬ ጋር ተሳሳቁ። በእጁ «ሂጂ» የሚል ምልክት ሲያሳየኝ እንኳ ፊቴን አላየውም። ይህን አትርሱብኝ፤ ፊቴን አላየውም።

አንድ የእናቴ ጎረቤት ነበሩ፤ ሁላችንም አያ እያልን ነው የምንጠራቸው። ጋራ ጋራውን በቅሏቸውን እየነዱ ማር ያመጣሉ። ኬላ ከሚያውቃቸው ይልቅ ጅብ ያውቃቸዋል። አንድ ቀን ቤታችን ገብተው ተቀመጡና ሆዴን ሰረቅ አድርገው አይተው፣

«እናትሽ እንቅልፍ የላት። እህቶችሽን በህልሟ እያየች ትቃዣለች። ምን ብዬ ልንገራት?» አሉኝ።

ደህና ናት በሏት አልኩ። «ባለፈውም ብያት ነበር። ‹አንተ ከወጣህ በኋላስ?› ትለኛለች። እኔ እንደሁ በሁለት በሦስት ወር አንዴ ነው የምመጣ።»

ባለቤቴ ይኼኔ ነው የተናገረው። «አያ፣ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። በየወሩ በማርያም ዕለት ጠዋት ቀና ትበል። አውሮፕላኑ በራሷ ላይ ካለፈ ልጅዋ ደህና ናት።»

አያ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ብረት ለአንዲት አሮጊት ብለህ ታዞራለህ?»

«አላዞረውም። ሁለት ክፍት መንገድ ሲኖር የሷን እመርጣለሁ፤ ይኸው ነው። ደመና ከሆነ ግን በቆላው መሄዱ ግድ ነው። ያኔ እንዳትሰጋ፤ ደመናው ነው በሏት።»

«ሸጋ!» አሉ አያ። «ሰማዩ ጠርቶ ካላለፈ ደረት እንምታ ማለት ነዋ!»

ሦስታችንም ሳቅን። እግዜር ይማራቸው፣ ክፉ አስበው አልነበረም።

የመጀመሪያዋ ማርያም ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን የጠራ ነበር። ባለቤቴ ምሳ ሰዓት ላይ ወርዶ ሻዩን ሲቀበለኝ «ደጋ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እናቴ እጇን ከግንባሯ ላይ አድርጋ ስታንጋጥጥ ይታየኝ ነበር። ግን ታይቷት ይሆን? ዓይኗ ደክሟል። ሰው ሁሉ ሸክም ስለሚሸከም ማን ቀና ይላል?

መልሱን ያመጣልን አብራሪው ነው። በሁለተኛዋ ወይ በሦስተኛዋ ማርያም ማግስት፣ አፉን በቦምቦሊኖ ሞልቶ ለባልደረቦቹ ሲያወራ ሰማሁት። «ከድብ ባሕር ማዶ አንዲት ሴትዮ አውድማ ላይ ነጭ ጋቢ ዘርግታ አጠገቡ ቆማለች! እህል እንዳይመስላችሁ፤ ጋቢ ነው። እጇን ታውለበልባለች።» ደጋው ከፍ ብሎ ስለሚቀበለው አውሮፕላኑ እዚያ ላይ ለመሬት ይቀርባል፤ ሰው ይታያል።

«ዘመድህ ትሆናለቻ!» አሉት።

«የኔ ዘመድ እንኳ እኔን እንዲህ አይናፍቅም!»

እኔ ብርጭቆ ማጠቢያው ላይ አጎንብሼ አለቀስኩ። ማንም አላዘዛትም። አየሁ ለማለት ነው። መልስ መስጠቷ ነው።

ልጄን በሰላም ተገላገልኩ። ያን ወር የማርያም ዕለት ጠዋት ባለቤቴ ታወሩ ላይ ሲወጣ እንደ ሠርገኛ ለብሶ ነበር። ደጋ። ነጭ ጋቢ። አብራሪው ነገረን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጃችን ወጣ። እናቴ ወሬ መደበቅ አታውቅም፤ እኔስ ከማን ወረስኩት? «አውሮፕላኑን ወደኛ የሚልከው የልጄ ባል ነው» ብላ ለመንደሩ ተናገረች። የመንደሩ ሴቶች ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰዱ ልጆች አሏቸው። የት እንዳሉ አያውቁም። አንዷ ነጠላዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ሌላዋ። ለሷ ልጅ ደህንነት ካመጣ ለኔስ ልጅ? አሉ። ስለዚህ ያ አውሮፕላን የሁሉንም ልጅ ወሬ የተሸከመ መሰላቸው፤ በማርያም ዕለት የእናቴ አውድማ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለበሰ። አያ ይህን ሲነግሩን እኔ ሳቅሁ። ባለቤቴ አልሳቀም።

«አያ፣ ይተዉት በሏቸው።»

«አንተው ንገራቸው። እኔ ምን ብዬ? ልጆቻችሁ በዚያ የሉም ልበላቸው?»

ያን ነጭ ሌላም አየው። የጦር አውሮፕላን በዚያ ሲያልፍ ነው አሉ፤ ገላጣ መሬት ላይ በረድፍ የተዘረጋ ነጭ ጨርቅ። ወታደር ጋቢ አይታየውም፤ ምልክት ነው የሚታየው። ሽፍታ ከሰማይ የሚጣልለት ነገር አለ ተባለ። በማን ሰማይ ላይ? በየትኛው ቀን? በማርያም ዕለት። በማርያም ዕለት የመንገደኛውን አውሮፕላን በዚያ የሚያሳልፈው ማን ነው?

ስብሰባው የተጠራው ከቀትር በኋላ መንገደኛ በሚጠብቅበት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ተቀምጧል። እኔም ለተሰብሳቢው ሻይ እንዳቀርብ ታዝዤ ትሪዬን ይዤ በመደዳው መሃል እዞራለሁ። ካድሬው ባለቤቴን አስነሳው።

«ጓድ፣ ባለፈው የማርያም ዕለት አውሮፕላኑን በየት ላክኸው?»

«በደጋው።»

«ከዚያ በፊት በነበረውስ?»

«በደጋው።»

«ለምን?»

«ሰማዩ ጠርቶ ነበር።»

«ሰማዩ የሚጠራው ለማርያም ብቻ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። በየቀኑ ሻዬን የሚጠጡ ሰዎች ናቸው የሳቁት። ካድሬው ሳቃቸው ጣመው። «በማግስቱም እኮ ጠርቶ ነበር። በቆላ ላክኸው።»

«ሁለቱም ክፍት ሲሆኑ የሚመርጠው ተቆጣጣሪው ነው።»

«በምን መስፈርት?»

ደስ እንዳለኝ ይበል? ያቺ የወደድኳት ቃል እዚያ አዳራሽ ውስጥ መቆሚያ አልነበራትም።

«እዚያ ጨርቅ ዘርግቶ የሚጠብቅህ ማን ነው? ማን አለህ?»

እኔ ከኋላው ነበርኩ። እናቴ ናት ልል አፌን ከፍቻለሁ፤ አንዲት አሮጊት ናት፣ የዘረጋችው ጋቢ ነው፣ በማርያም ተዉን ልል። ባለቤቴ ዞር ብሎ አየኝና ብርጭቆውን ዘረጋልኝ።

«ስኳር ጨምሪልኝ» አለ።

ይህ ሰው እኔን ካወቀኝ ጀምሮ ስኳር ቀምሶ አያውቅም። ገባኝ። ጨመርኩለት፤ አማሰልኩለት፤ ማንኪያው ብርጭቆውን ሲመታ ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ያን ሻይ እስከ አተላው ጠጣና፣

«ማንም የለኝም» አለ።

ካድሬው የእናቴን አገር ከገዛ አፌ ሰምቶት ነበር። እኔ ስለምነው ቀና ብሎ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ያስታውሰው ነበር። በንቀቱ ተረፍን ብዬ ነበር ያኔ፤ እንዴት ያለ መትረፍ!

ከአዳራሹ በቀጥታ ወሰዱት። እኔንም ከአየር ማረፊያው አባረሩኝ፤ አዘዞ መንገድ ዳር ልጄን አዝዬ ቦምቦሊኖ መሸጥ ጀመርኩ። የሚገዛኝን እንኳ የሚቆጥር ሰው ከማዶ ቁጭ ይላል። አያ ዳግመኛ አልመጡም። በቅሏቸውን ወታደር ወሰደባቸው አሉ፤ የጦር ግንባሩ በመሃል ገባ አሉ፤ ሁሉም «አሉ» ነው። ወደዚያ ቃል የሚያሻግርልኝ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ደግሞ ትእዛዝ ወጣ፦ የደጋው መንገድ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘግቷል፤ የሚሄደውም የሚመጣውም በቆላ ነው፤ የሚሄደው እስኪያርፍ የሚመጣው ይጠብቅ።

ክረምቱን ሙሉ እንደ እብድ ዝናብ ስለምን ነበር። ሰው ለእህሉ ይለምናል፤ እኔ ለደመናው። ደጋው ላይ ደመና ከተኛ እናቴ አትሰጋም። ደመናው ነው በሏት ተብላለች። ሐምሌ ማርያም ደመና ነበር። ነሐሴም ደመና። መስከረምን አላውቅም፤ ከተማው ላይ ደመናውና ፀሐዩ ተቀላቅሎ ነበር። ጥቅምት ማርያም ጠዋት ግን በሬን ከፍቼ ስወጣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጠርቷል። አንዲት የጥጥ ባዘቶ የምታህል ደመና የለችም። አውሮፕላኑ ከአዘዞ ተነሳና በላያችን ዞረ። ወደ ግራ፣ ወደ ቆላ። መንገድ ላይ ቆሜ «ተመለስ!» ብዬ ጮህኩ። ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ። ደንግጬ «ተመለስ፣ መልስህን ሳትቀበል!» ብዬ ገዝቶኝ የሄደ ሰው የጠራሁ አስመሰልኩት።

ባለቤቴ የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። አልተፈረደበትም፤ ምንም አልተገኘበትም። ግራ ጆሮው አይሰማም። በጥፊ ነው። የራዲዮ ማዳመጫ በአንድ ጆሮ አይሠራበትምና ወደ ታወሩ አልመለሱትም። «ለጥቅሙ ነው፣ ሥራው ለጤናው ይከብደዋል» አሉ። ቤት ውስጥ በግራው በኩል ሆኜ ሳናግረው ግድግዳ እንዳናገርኩ እቆጥራለሁ፤ ዞሬ በቀኙ እሄዳለሁ። እሱ ግን የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጥቅምት ላይ ጠርቶ ነበር?»

«ደመና ነበር» አልኩት።

የምድሩ መንገድ የተከፈተው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ያን ካድሬ ጎንደር ፒያሳ ላይ አገኘሁት፤ ኮቱ ልኩ ሆኗል። ሰላም አለኝ። «ጊዜው ነው» አለኝ፣ «እኛ ምን እናድርግ?» ጊዜው እጅ የለውም። ጊዜ ጥፊ አይመታም።

በጭነት መኪና ተሳፍረን ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ሄድን። ከአውራ ጎዳናው ወርደን በእግር ስንቀርብ፣ መጀመሪያ ያየችን ሴት እንስራዋን ጥላ እየጮኸች ወደ ኋላ ሮጠች። የደስታ ጩኸት መስሎኝ እኔም እጄን አነሳሁላት። አልነበረም። የሞተ ሰው ነው ያየችው።

እናቴ ከደጇ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ተላጭቷል። ያ ነጭ ጋቢ ጥቁር ተነክሮ ትከሻዋ ላይ አለ። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተነሳችም። ስቀርባት እጇን ዘርግታ ፊቴን ነካችው፤ እንደ ዕውር፣ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን። ከዚያ ባለቤቴን አየችው።

«ምነው ልጄ?» አለችው። «ጠርቶ ነበር እኮ።»

«እማማ፣ መንገዱን ዘግተውት ነው። ሁሉም በቆላ እንዲሄድ አዘው ነው። እኔም አልነበርኩም…»

«ጠርቶ ነበር። ወዲያ ማዶ፣ በበረሃው በኩል ብረቱ ሲያንጸባርቅ በዓይኔ አየሁት። ደመና የለ፣ ጉም የለ። ዞሮን ሄደ።»

አርባዬ ወጥቷል። ተዝካሬ ተበልቷል። ቄሱ የክርስትና ስሜን ከሙታን ጋር ጠርተውታል። አያም በዚያው ክረምት ሞተዋል።

ወታደሮቹም መጥተው ነበር። አውድማው ላይ ሴቶቹን ሰብስበው፣ ምልክቱን የምትሰጪው ለማን ነው ብለው እናቴን ጠየቋት።

«ምን አልሻቸው?» አልኳት።

«እውነቱን ነዋ። ልጄ አዘዞ ሻይ ትሸጣለች፤ ባሏ አውሮፕላን ያሳልፍልኛል፤ ለሷ ነው የምዘረጋው አልኳቸው። ሳቁብኝ። አሮጊቷ ቀልቧን ስታለች ብለው ጋቢዬን ወርውረውልኝ ሄዱ።»

ባለቤቴ ይህን የሰማ አልመሰለኝም፤ በግራው በኩል ነበር የተቀመጠችው። ዞሬ ሳየው ግን ሰምቷል። በጆሮው የከፈለላትን ምስጢር እሷ በመጀመሪያው ቀን አውድማ ላይ ተናግራዋለች፤ ያመናት ሰው ነው የጠፋው።

እስከ ማርያም ሰነበትን። ጥቁሩን አውልቂው ብዬ ለመንኳት። «ያለቀስኩትን ለማን ልመልሰው?» አለችኝ፤ እየገሠጸችኝ አይደለም፣ የምር ጠየቀችኝ።

በማርያም ጠዋት ሰማዩ ጠራ። የደጋው መንገድ ተከፍቶ ነበርና አውሮፕላኑ ከጎንደር በኩል መጣ፤ በራሳችን ላይ። ልጄ «አውሮፕላን! አውሮፕላን!» እያለች ሮጠች። እናቴ ገብስ ታበጥር ነበር፤ ሰፌዱን አላቆመችም፣ ቀና አላለችም።

ከማዶ ቤት ግን አንዲት ሴት ወጣች። ልጅዋ ለውትድርና ተወስዶ ያልተመለሰ ነው። አውድማው መሃል ነጠላዋን ዘረጋች፤ አራቱንም ጫፍ ድንጋይ ጫነችበት፤ ቆማ እጇን ማውለብለብ ጀመረች። ባለቤቴ አውሮፕላኑ የልጅዋን ወሬ እንደማያመጣ ሊነግራት ብድግ አለ።

እናቴ ጥቁሩን ጋቢ ከትከሻዋ እየሳበች፣ «ተዋት» አለችው። «የሷ ልጅ ገና አልተለቀሰለትም።»